ላሜራው ከመገዛቱ በፊት

በጂንካ ከተማ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ለብየዳ ጀማሪዎች በርካሽ የሚገኝ ላሜራ» የሚል ነው። ከጉባኤዎቻችን አንዳንዶቹ ለሥልጠናው መዋጮ ሰብስበው፣ ላሜራውን ከአዲስ አበባ እንግዛ ወይስ ከአርባ ምንጭ የሚል ጥያቄ አቅርበዋል። ስለ አሳባችሁ እናመሰግናለን። መልሱን ሳላስረዝም ልናገር፤ ከሁለቱም አትግዙ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አትግዙ። ብየዳ የሚጀምር ሰው የሚያስፈልገው ቀጭን አዲስ ላሜራ ሳይሆን ወፍራም አሮጌ ብረት ነው፤ እርሱ ደግሞ እዚሁ ጂንካ ውስጥ ከየጋራዡ ጀርባ ዝጎ ተቀምጧል። የተሰበሰበው ገንዘብ ኤሌክትሮድ ይገዛበት።

ይህን የምለው ገንዘብ ለማዳን ብቻ አይደለም። ነገሩ የትምህርት ጉዳይ ነው፤ ከዚያም አልፎ የልጆቻችን ጤንነትና ሕይወት ጉዳይ ነው።

በኤሌክትሪክ ብየዳ ጊዜ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚነሣው እሳት ብረቱን እስኪቀልጥ ድረስ ያግለዋል። ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ብረቱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ሙቀቱ የሚሸሽበት ቦታ አለው፤ ሠልጣኙ ለአፍታ ቢቆም፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ ወይም ወደ ኋላ ቢመለስ የሚወጣለት ጠማማ መስመር ነው። ጠማማ መስመር ደግሞ ያስተምራል፤ የት እንደ ቆመ፣ የት እንደ ቸኮለ ተጽፎ ይታያል። ብረቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን በዚያችው አፍታ ይበሳል። ልጁ ቀዳዳውን ለመድፈን ሲሞክር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ እንዳየሁት በሁለተኛው ሳምንት የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ ሰነፎቹ አይደሉም፤ ነገሩን ከልባቸው የያዙት ናቸው።

ጀማሪ በመጀመሪያው ወር የሚማረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ እሳቱን ማስነሣት፣ የኤሌክትሮዱን ጫፍ ከብረቱ በትክክለኛ ርቀት መያዝ፣ እኩል በሆነ ፍጥነት መጓዝ። ለሦስቱም ወፍራም ብረት ይታገሣል፤ ላሜራ አይታገሥም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ 47 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብረት ደግሞ ከባድ ጭነት ነውና የመንገዱ ዋጋ በላዩ ይደመርበታል። ይህን ላሜራ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርገን ብንቆርጠው 260 ያህል ቁራጭ ይወጣዋል። ለ15 ሠልጣኞች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 17 ይደርሰዋል። ትጉ ሠልጣኝ ይህን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ዋጋውን በብር አልናገርም፤ ዛሬ የምናገረው ይህ ንግግር ታትሞ እጃችሁ ሳይገባ ይለወጣልና።

በእጅ ካለው ነገር መጀመር ለደቡብ ኦሞ እንግዳ አሳብ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በኦሞ ወንዝ ዳር፣ ያን ጊዜ ገለብ እየተባሉ ይጠሩ በነበሩት በዳሰነች ሕዝብ መካከል፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ከወንዙ ውኃ በነፋስ ኃይል እየሳበ የመስኖ እርሻ ያካሂድ ነበር። በሥራው ከገቡት መሣሪያዎች መካከል ዴምፕስተር የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የነፋስ መዘውር ይገኝበታል። ጥሩ ይሠራ ነበር፤ ግን ዋጋው ውድ ነበረ። ሳቮኒየስ የሚባለውን ቀላል ዓይነትም ሞከሩ፤ የሚስበው ውኃ ለልፋቱ የሚበቃ አልሆነም። በመጨረሻ የተስማማቸው ከግሪክ ደሴት ከቀርጤስ የተወሰደው፣ ክንፉ ከሸራ የሆነው፣ እዚያው በቦታው የሚሠራውና የሚጠገነው ዓይነት ነው። ይህን ሁሉ ፒተር ፍሬንከል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ ዘገባ ገልጾታል፤ ዘገባውን ያወጣው ሹማከር የመሠረተው የለንደኑ ድርጅት ነው። ሸራው ሲቀደድ የሚሰፋ፣ ብረቱ ሲሰበር የሚበየድ ነገር በቦታው ከተገኘ ሥራው አይቆምም። የእኛ ሠልጣኞችም ነገ የሚጠሩት ለወፍጮ ቤት፣ ለውኃ ፓምፕና ለጋሪ ጥገና ነው፤ እነዚህም ሁሉ ከላሜራ ይልቅ ወፍራም ብረት ናቸው።

እንግዲህ ብረቱ የት አለ? መጀመሪያ ከጋራዦች። የአይሱዙና የሌላ የጭነት መኪና አካል ሲታደስ የተቆረጠው ወለልና ጎን ለእኛ ሥራ የተመቸ ነው። ቀጥሎ የበርና የመስኮት ሥራ ቤቶች አሉ፤ የቱቦላሬና የላሜራ ቁርጥራጫቸው ቀጭን ስለሆነ ለሁለተኛው ወር እናቆየዋለን። የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር የተረፈ የብረት ቧንቧ ከተገኘ እንደ ሀብት ቁጠሩት፤ ብቻ በዚንክ ያልተለበጠ ይሁን። የመንገድና የሕንፃ ሥራ ካለም የፌሮ ቁርጥራጭ አይጠፋም፤ እሳት ለማስነሣት ልምምድ ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ወደ ጂንካ የሚመጣ መኪና ሸቀጥ ጭኖ ይመጣል፤ ሲመለስ ከሚጭነው አንዱ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ነጋዴው በኪሎ ገዝቶ ወደ መሐል አገር ይልከዋል፤ እዚያ ይቀልጥና ከፊሉ ፌሮ ሆኖ እንደ ገና በመኪና ወደ እኛ ይመጣል። እኛም የሁለቱን ጉዞ ዋጋ እንከፍላለን። ብረቱ መኪና ላይ ሳይወጣ፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆማችሁ፣ ነጋዴው ከሚያገኘው ጥቂት ጨምራችሁ ብትገዙ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። በመርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ይህን ጥበብ ያውቀዋል፤ ሌላው የጣለውን በርሜል ምድጃ፣ የመኪናውን ጎማ በረባሶ የሚያደርጉ እጆች እዚያ አሉ።

ሁሉም ብረት ግን አንድ አይደለም። የመኪና ባሌስትራ ጠንካራና የሚሸከም ብረት ነው፤ ጀማሪ ሲበይደው ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። እርሱን ለማጭድና ለቢላዋ ለአንጥረኛ ተዉለት። የሞተር ብሎክና ሌላ ጊዛ የሚባል ቀልጦ የተቀረጸ ብረትም ለጀማሪ አይሆንም። ለመለየት ሞረድ ይበቃል። ሞረዱ ብረቱን በቀላሉ ከበላው ለስላሳ ነውና ውሰዱት፤ እንደ መስተዋት ላዩ ላይ ከተንሸራተተ ተዉት። ግራይንደር ካላችሁ ፍንጣሪውን ተመልከቱ። የለስላሳ ብረት ፍንጣሪ ረጅምና እንደ ገለባ ቢጫ ነው፤ የጠንካራው እየፈነዳ እንደ እሾህ ቅርንጫፍ ይበታተናል፤ የጊዛው አጭርና ደብዛዛ ቀይ ነው።

በዚህ ሥራ ከማናችንም የሚበልጡ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ የአሪ አንጥረኞችን ማለቴ ነው። በድምፁና በቀለሙ ብረትን የሚለዩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከገበሬው ወገን ጋር እንዳይጋቡ፣ በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተደርገው ኖረዋል፤ «የእነርሱ ዘር ሌላ ነው» የሚባል ወሬም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ያሳተሙት የዘር ጥናት የአሪ አንጥረኞችና የአሪ ገበሬዎች የአንድ ምንጭ ሕዝብ መሆናቸውን፣ ዛሬ የሚታየው ልዩነትም ከመገለል የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ይህን እዚህ የማነሣው ከብረት ርቄ ለመሄድ አይደለም። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ብየዳ እንዳይማር የሚከለክሉት «አንጥረኛ ተባለ» እንዳይባል ፈርተው ነው። አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ አበል ተከፍሎት በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ቁርጥራጩን ከሠልጣኞቹ ጋር ቢለይ፣ በመምህርነት ወንበርም ቢቀመጥ፣ ብረቱም በትክክል ይመረጣል፣ ሌላውም ነገር ይነገራል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ርካሽ ላሜራ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው የቤት ክዳን ቆርቆሮን ነው። ዕድሳት የተደረገላቸው የጸሎት ቤቶቻችን አሮጌ ቆርቆሮ ከምረው «ለልጆቹ መለማመጃ ይሁን» ብለዋል። እባካችሁ ይህን አትስጡን። ቆርቆሮ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀጭን ነው፤ ከዚህም በላይ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጢስ ሆኖ ይነሣል። ያን ጢስ የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። በእኛ አገር ይህን ያየ ሁሉ «ወባ ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፤ ሠልጣኙም ተመልሶ ይመጣና ያንኑ ጢስ ይተነፍሳል። ትኩሳት የያዘው ሠልጣኝ ደሙን ይመርመር፤ ወባ በቆላው እውነተኛ ጠላት ነውና። ግን ምን ሲበይድ እንደ ዋለ ለጤና ባለሙያው ይንገር። ወተት ይጠጣ የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ወተት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚገባው በሆድ ነው፤ ጢሱ የሚገባው በሳንባ ነው።

በዚንክ የተለበጠውን ብረት በብርማ ግራጫ መልኩ፣ ብዙ ጊዜም እንደ አበባ በሚታየው ነጠብጣቡ ታውቁታላችሁ። የግድ መበየድ ካለበት የሚበየደው ቦታ በሁለቱም ገጽ ብረቱ እስኪታይ ይፋቅ፤ ሥራውም ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። ለጀማሪ ግን ጨርሶ አይሰጥ።

ስለ በርሜል ረዘም አድርጌ ልናገር ነውና ታገሡኝ። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ተከፍቶ ሲዘረጋ 1 ሜትር ከ80 በ88 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ውፍረቱም 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ላሜራ ይወጣዋል። እጃቸው ለተፈታ ሠልጣኞች፣ ማለትም ከአራተኛው ሳምንት በኋላ፣ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ላሜራ በጂንካ የለም። ነገር ግን ውኃ የሚይዝ ደኅና በርሜል ለቤት እመቤቲቱ ይቅር፤ በእርሷ ላይ ዋጋ ጨምረን መግዛት አይገባንም። የሚፈስሰውንና ታቹ የዛገውን እንፈልግ።

ባዶ በርሜል ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። ቤንዚን የሞላበት በርሜል ውስጥ አየር የለም፤ ባዶው ውስጥ ግን የቤንዚኑ ተንና አየር ተደባልቀው ተቀምጠዋል። አንዲት የግራይንደር ፍንጣሪ ትበቃዋለች፤ ክዳኑ ተነቅሎ የሚሄደው ወደ ሰውዬው ፊት ነው። ናፍጣና ዘይትም ቢሆን «ይህ አይፈነዳም» አትበሉ፤ ከበርሜሉ ግድግዳ የተጣበቀው ቅሪት ሲሞቅ ተን ይሆናል። አንድ ጊዜ በውኃ ማለቅለቅ አይበቃም። በርሜል በግራይንደርም በእሳትም አይከፈት። ሁለቱም ቡሽ ይውጣ፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ፤ ከዚያ ውኃ ይሞላና የላይኛው ክዳን ዙሪያው በመሮና በመዶሻ ይቆረጥ። ውኃው የሚፈስሰው ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ጎኑም እንዲሁ በመሮ ይሰንጠቅ። ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ ለአንድ በርሜል ግማሽ ቀን ይወስዳል። ግማሽ ቀን ይውሰድ።

የጥጥና የሰብል ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ለብየዳም፣ ለውኃም፣ ለምንም አይሆንም። ምን እንደ ነበረበት የሚናገር ሰው ከሌለም አትውሰዱት።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ስርቆት ነው። የሥልጠና ጣቢያው ብረት በኪሎ ይገዛል የሚል ወሬ ከተሰማ በማግሥቱ የእጅ ፓምፕ እጀታ፣ የድልድይ መደገፊያ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ብረት ይዘው የሚመጡ ልጆች ይኖራሉ። በአገራችን በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ የሚደርሰው ስርቆት በየጊዜው የሚነገር ነው። የመንደር ውኃ አስቁመን ብየዳ ብናስተምር ምን ይረባል? ስለዚህ ከልጆች አይገዛ። ከጋራዥና ከታወቀ ነጋዴ፣ በደረሰኝ ይገዛ፤ የሻጩ ስምና የብረቱ ዓይነት በመዝገብ ይጻፍ።

የተገኘውን ብረት ማብቃቃትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ቁራጭ ይሰጠው። መስመር ከመስመር አጠገብ፣ አንዱ የሌላውን ሲሶ እየደረበ፣ ገጹን ሁሉ ይሸፍን፤ ቅርፊቱን አራግፎ በሽቦ ብሩሽ ይጥረግ። ከዚያ ይገልብጠውና በሌላው ገጽ ይድገም። ከዚያም አግድም አዙሮ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ሁለተኛ ድርብ ይሥራ፤ ሦስተኛም ይቀጥል። ብረቱ ሲግል ውኃ ውስጥ ይነክረው፤ ለልምምድ ነውና ግድ የለም። አንድ ቁራጭ በዚህ ዓይነት ከ80 በላይ ኤሌክትሮድ ይቀበላል፤ ብረቱ እየቀነሰ ሳይሆን እየወፈረ ይሄዳል! 17 የላሜራ ቁራጭ በሁለት ቀን ከሚያልቅበት ጋር አስተያዩት። ቀጥሎ ሁለት ቁራጭ በማዕዘን ይጋጠምና በአንድ ጎኑ ብቻ ይበየድ፤ በሞርሳ ተይዞ በመዶሻ ይታጠፍ። ሲሰበር ውስጡ ይታያል፤ ቅርፊት ተውጦ እንደ ሆነ፣ ብየዳው እስከ ሥሩ ገብቶ እንደ ሆነ ዓይን ይመሰክራል። የተሰበረው ተቆርጦ እንደ ገና ይበየዳል።

ስለዚህ በዚህ ሥልጠና ወጪው ብረቱ ሳይሆን ኤሌክትሮዱ ነው። 6013 የሚባለው ዓይነት ለጀማሪ ይገራል። 2.5 ሚሊ ሜትሩ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ 3.2 ሚሊ ሜትሩ ከ90 እስከ 130 አምፔር ይሠራል። እዚሁ አገር ውስጥ የተጠቀለለው መበየጃ ማሽን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብዙ አትመኑት፤ መብራቱ ሲወርድ እርሱም ይወርዳልና በመስመሩ መልክ ፍረዱ። ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም። የጂንካ ዝናብ ሳይመጣ ክዳኑ በሚገጥም የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጉባኤዎች ሆይ፣ ለእኛ የሚሆነን ቆርቆሮ ይህ ነው። አንድ ኤሌክትሮድ በደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪቀር ይሠራበት እንጂ ግማሹ አይጣል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርት አይቁም፤ በኤሌክትሮዱ ፋንታ እርሳስ በፒንሳው ይያዝና ሠልጣኙ ማስክ አጥልቆ በካርቶን ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሥራ። ሕፃናት ያስመስለዋል ብለው የሚስቁ አሉ፤ የእጁን መንቀጥቀጥ ግን ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ያስታግሣል።

አዲስ ላሜራ አንድ ቀን ያስፈልጋል፤ እርሱም የመጨረሻ ምዘና ሲደርስ ነው። ለ15 ሠልጣኞች ለእያንዳንዱ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ንጹሕ ቁራጭ ቢሰጥ፣ ቅድም ከጠቀስሁት ላሜራ ሩቡ ይበቃል። ይህን ያህሉን ከአንድ የበርና መስኮት ሥራ ቤት ቆርጦ መግዛት ይቻላል። መዋጮ ያሰባሰባችሁ ጉባኤዎች እንግዲህ ገንዘቡን በሦስት ክፈሉት፤ ትልቁ ለኤሌክትሮድ፣ ቀጥሎ ለማስክ፣ ለጓንትና ለቆዳ ሽርጥ፣ የተረፈው ለቁርጥራጭና ለዚህ ለሩብ ላሜራ። ከገንዘብ ይልቅ የሚያስፈልገን ደግሞ የሽማግሌዎቻችሁ ቃል ነው፤ ከጋራዥ ባለቤቶች ጋር ተነጋግረው የተጣለው ብረት ለነጋዴ ከመሰጠቱ በፊት እኛ እንድናየው ያስፈቅዱልን። በዲመካ፣ በቱርሚና በቀይ አፈር ያላችሁ ሠራተኞችም ጂንካ የምትመጣ ባዶ መኪና ስትኖር አስታውሱን።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ይልቁንም በግቢያችሁ አሮጌ በርሜል ያላችሁ፣ ከምሳ በፊት ብታገኙኝ ደስ ይለኛል። ስትመጡ ግን ምን እንደ ነበረበት ጠይቃችሁ ኑ።